ኔቪዮና የማይበርደው ፍሬኑ

ወንድሜ ኔቪዮ ቀናተኛ ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ለማማት አይደለም፤ ራሱ ቢጠየቅም አይክድም፣ «ቀናተኛ ሳይሆን ፍትሕ ወዳድ ነኝ» ይላል እንጂ። ቅናት በቤታችን የዘር ነው። እናታችን ጎረቤት ልብስ ስታሰጣ በመስኮት አጮልቃ የምታይ፣ የሰው አንሶላ ከእሷው ነጥቶ ካገኘችው ምሳ የማይወርድላት ሴት ነበረች። እኔም ብሆን ቅድስት አይደለሁም። አባታችን ሲሞት ጋራዡ ለኔቪዮ፣ ድስቶቹ ለእኔ ደረሱ። እስከ ዛሬ በዚያ ጋራዥ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ኔቪዮ ሪየካ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ጠቀስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ኮንቴነር ከመርከብ ያወርዳል፤ ሲያስቀምጠው እንቁላል የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው። እንደ እሱ እጁ የረጋ ሰው ወደቡ ላይ የለም ይላሉ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ያ የረጋ ሰውዬ ቤት ይቀርና ሌላ ሰው አሮጌዋን ቀይ ስፖርት መኪና አስነሥቶ ወደ ግሮብኒክ የመኪና ውድድር ሜዳ ይወጣል።

በክፍት ቀን ማንም ሰው በገዛ መኪናው ሜዳው ውስጥ ገብቶ እንደ ልቡ መንዳት ይችላል። ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ዋንጫም የለም። በር ላይ ያለው ሰውዬ ይህንኑ ለሁሉም ይናገራል፤ ኔቪዮም በየጊዜው ራሱን ይነቀንቅለታል። ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ሰምቶት አያውቅም።

እኔ አጥሩ ሥር መኪናዬን አቁሜ ቋሊማና ፓሌንታ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ እሸጣለሁ። ስለዚህ ወንድሜ ከሜዳው መውጣቱን ከማየቴ በፊት አሸተዋለሁ። ፍሬን ሲግል መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማና ብረት አንድ ላይ ይሸታል። ቀጥሎ ይጨሳል። ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ዘይቱ ፈልቶ አየር ሲሆን ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጥና መኪናው አልቆምም ይላል። ኔቪዮ በየሳምንቱ ጭሱ ላይ ይደርስ ነበር። ደንበኞቼ ቋሊማቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሸሹብኝ ነበር።

ዳሪንኮ ግን አያጨስም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዳሪንኮ የወንድሜ አበልጅ ነው፤ የሴት ልጁ የሞሬና የክርስትና አባት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ልጅ አልወለደም፣ ነገር አያበዛም፣ ሲስቅ ድምፁ አይሰማም። ኔቪዮና እሱ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። አበልጅ ከሆኑ ወዲህማ አንዱ ያለ ሌላው ካርታ አይጫወትም። የዳሪንኮ መኪና ትንሽ ግራጫ ነገር ናት፣ አጠገቧ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ሰው አይቼ አላውቅም። ታዲያ ያቺ ግራጫ ከጠዋት እስከ ማታ ስትዞር ውላ ፍሬኗ አይሸትም። ኔቪዮ አራት አምስት ዙር ሄዶ እየጨሰ ሲወጣ፣ ዳሪንኮ በአጠገቡ እልፍ ይላል፤ ለሰላምታም መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል።

«አየሽው? አየሽው ሲያሾፍብኝ?» ይለኛል ኔቪዮ።

«ሰላም ብሎህ ነው።»

«የሰላምታ መብራት እንደዚያ አይደለም!»

ቅናቱ የፍሬን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄበት በተውኩት። የሞሬና እናት ስትሞት ልጅቷ ትንሽ ነበረች። ኔቪዮ ወደብ ላይ በፈረቃ ይሠራል፤ ስለዚህ አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ በአውቶቡሱ የፊት ወንበር አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደረሳት ዳሪንኮ ነው። ብስክሌት ያስተማራትም እሱ፣ ጥርሷን ስታስነቅል እጇን የያዛትም እሱ። ኔቪዮ ለዚህ ሁሉ አመስግኖታል፤ ባመሰገነ ቁጥር ግን ፊቱ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ይሆናል። እኔ እህቱ ነኝና ያቺን ፊት አውቃታለሁ።

ሞሬና አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ምላሷ ሹል ነው። ከማን እንደወረሰችው አልናገርም። በፋሲካ ምሳ ላይ አራታችን ተቀምጠን ሳለ ድንገት «ሜዳው ላይ መንዳት መማር እፈልጋለሁ» አለች።

ሁለቱም ወንዶች ቀና አሉ።

«በእኔ መኪና!» አለ ኔቪዮ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ።

«አባዬ፣ ያንተ መኪና ይጨሳል።»

«ትንሽ ነው የሚጨሰው።»

«አክስቴ ቋሊማውን በአንተ ጎማ ላይ ብትጠብሰው ጋዝ ትቆጥብ ነበር።»

ዳሪንኮ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ኔቪዮ አየው። ሞሬናም አባቷ ማየቱን አየችና ነገሩን ልታበርድ ብላ አባሰችው፦ «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። የዓመቱ የመጨረሻ ክፍት ቀን ጥቅምት ላይ ነው አይደል? እስከዚያ ድረስ መኪናህ ማጨስ ካቆመ ከአንተ ጋር እማራለሁ። ካላቆመ ከክርስትና አባቴ ጋር።»

ከዚያች ምሳ ወዲህ ወንድሜ ሰላም አላገኘም። ልጁ የማን ወንበር አጠገብ እንደምትቀመጥ የሚወስነው አንድ የጋለ ብረት ሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፍሬኑን ዘይት በሙሉ አስቀይሮ ቶሎ የማይፈላውን ዓይነት አስገባ። ጨሰ። የፍሬን ሸራውን አውልቆ የውድድር መኪና የሚጠቀምበትን ጠንካራውን አሰረ። ከበፊቱ ዘግይቶ ጨሰ። ከዚያ የኩሽናዬን የጭስ ማውጫ ቱቦ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ለካስ ወንድሜ ከፊት ለፊት ነፋስ ይዞ በቀጥታ ወደ ፍሬኑ ዲስክ እንዲነፋ ከመኪናው አፍንጫ እስከ ጎማው ዘርግቶታል። እውነቱን ለመናገር ቱቦው ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ሌሎችም ያደርጉታል። ለብዙ ዙር አላጨሰም። ከዚያ ጨሰ፤ ይባስ ብሎ የእኔ ቱቦ የያዘው የዓመታት የዘይት ጥቀርሻ አብሮ ስለጨሰ ሜዳው የተጠበሰ ሰርዲን ሸተተ።

«ሚስጥር አለው» አለኝ፣ መኪናዬ ላይ ተደግፎ ዳሪንኮን ከሩቅ እያየ። «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ደብቆኛል።»

«ጠይቀዋ!»

«እኔ? እሱን?»

አልጠየቀውም። ምሳ ሰዓት ላይ ዳሪንኮ ከእኔ ዘንድ ፓሌንታ ሊወስድ ሲመጣ፣ ኔቪዮ በጀርባው ተንጋሎ ከግራጫዋ መኪና ሥር ገባ። ዳሪንኮ ሳህኑን ይዞ ሲመለስ የአበልጁን ሁለት እግር አስፋልት ላይ ተዘርግቶ አገኘው።

«አበልጅ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አለው።

«ዘይት የሚያፈስ መሰለኝ» አለ ኔቪዮ ከሥር። «ለአንተው አስቤ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

ዳሪንኮ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁሉንም ሳይደብቅ ነገረው። «እየውልህ፣ ከሥሩ ምንም የለም። ዘይቱና ሸራው ካንተው ጋር አንድ ነው። እኔ ፍሬኑን ስይዝ ጠንከር አድርጌ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ ጨርሶ እለቀዋለሁ። ላላ አድርገህ ስትጎትተው ነው የሚግለው። ልታቆም ስትል ደግሞ አንድ ዙር ፍሬን ሳትነካ በዝግታ ዙር፣ ይተንፍስ። ስታቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ድንጋይ ጣል። በቃ።»

ኔቪዮ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አቧራውን አራገፈ። ዳሪንኮ ሲርቅ ጠብቆ «ሰማሽው?» አለኝ። «ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚነግረውን ነው የነገረኝ። ሚስጥሩን ግን ዋጠው።»

እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አመንኩት። ቅናት ይጋባል።

መስከረም ላይ ቡራ የምንለው ነፋስ መጣ። ያን ቀን ነፋሱ ከተራራው ላይ ሲወርድ የሻይ ጽዋ ከጠረጴዛ ያነሣ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኛ ደግሞ ቡራ ላይ ያለን እምነት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ነው። የአሳማ ጭን በእሱ ይደርቃል፣ ብርድ ልብስ በእሱ ይናፈሳል፣ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን እንኳ ቡራ ሲነፍስ መስኮት ይከፈትለታል። ወንድሜ ከሜዳው ሲወጣ ፊቱ አብርቶ ነበር።

«ሎሬዳና! አገኘሁት!» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቡራን! ከላይ በነጻ ተልኮልን ሳለ እኔ በቱቦ እንከራተታለሁ!»

ፍሬኑን ሳያሳርፍ፣ ያንን ቀስ ብለው የሚዞሩትን የመጨረሻ ዙር ሳይዞር፣ በቀጥታ መጥቶ መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጎ አቆማት። ክሪክ አስገብቶ የፊት ጎማዋን ፈታ። ዲስኩ ጥቁር ቀይ ሆኖ ነበር። ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ሁላችንም የዚህ አገር ሰዎች ነንና አንድም ሰው ተው አላለውም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «ወደ ግራ አዙራት፣ ይበልጥ ያገኛታል» ብሎ መከረው።

ጧ አለ። ደረቅ ድምፅ ነበር፣ እንደተሰበረ ሳህን። በአንድ ጎኑ ነፋስ የመታው ዲስክ ከመሃል እስከ ጠርዝ ተሰነጠቀ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ጭምር። ያልሳቀው ዳሪንኮ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን የአሮጌ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ወዳጁ ዘንድ ሄዶ ለኔቪዮ መኪና የሚሆን ዲስክ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጋራዡ ድረስ አመጣለት። አብሮም አሰረው። ኔቪዮ ያን ቀን ማታ እኔ ቤት መጥቶ ሾርባውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ክፉ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር» አለኝ። «ክፉ ሰው ትጠያለሽ፣ ትገላገያለሽ። እሱ ግን ዲስክ ያመጣልኛል። ልጄን ይወስዳል፣ ዲስክ ያመጣልኛል።»

«ልጅህን ማንም አልወሰደም።»

«እስቲ ጥቅምት ይምጣ» አለ።

ጥቅምት መጣ። የመጨረሻው ክፍት ቀን ፀሐያማ ሆነ። ሞሬና ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ ስትመጣ ኔቪዮ ቀይዋን መኪና አጥቦ፣ የአጠገቡን ወንበር ጠርጎ ይጠብቃታል። «መጀመሪያ ከእኔ ጋር ዙሪና እይ» አላት። ዳሪንኮ ከኋላ በግራጫዋ ተከተለ። እኔ ቋሊማውን ለእሳቱ ትቼ አጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ።

ሁለት ዙር አማረበት። ሦስተኛው ላይ ግን በየኩርባው የኋላ የፍሬን መብራቱ በርቶ አልጠፋ ይል ጀመር። ቀጥ ባለው ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መኪናዋ አልቆመችም። አልዞረችምም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከመንገዱ ዳር የተደፋው ጠጠር ውስጥ ገባችና አቧራው እስከ እኛ ድረስ መጣ። እኔ ጮህኩ። ዳሪንኮ ከኋላ ደርሶ መኪናውን አቁሞ ሲሮጥ፣ ያ ነገር የማያበዛ ሰው በሩጫ ላይ የሞሬናን ስም ሲጠራ ሰማሁት።

አንድም ጭረት አላገኛቸውም። ጠጠሩ ውስጥ የተባባሉትን ሞሬና ኋላ ነግራኛለች። ኔቪዮ መሪውን በቡጢ እየመታ «ዘይቱ ነው! የሸጠልኝ ሰውዬ አታሎኛል!» ይላል።

«ዘይቱ አይደለም አባዬ።»

«ዲስኩ ነዋ! ዳሪንኮ ያመጣው ዲስክ!»

«እግርህ ነው። አየሁህ እኮ። በየቅጽበቱ ስፖኪዮ ውስጥ እሱን ትፈልጋለህ። እሱን እያየህ ሳለ እግርህ ፍሬኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ አልለቀቅካትም።»

«ይሄ ሐሰት ነው» አለ ኔቪዮ፤ ሆኖም እንደገና ስፖኪዮውን አየ። አሁንስ ዳሪንኮ ከኋላ እየሮጠ ነበር የሚመጣው።

መኪናዋን ጎትተው አወጧትና እስክትበርድ ጠበቁ። ከፍሬኑ አየሩ መውጣት ነበረበት፤ ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ዘንድ ሆኖ ቡሎኑን ይከፍታል። ዳሪንኮ ወደ መሪው ሲሄድ ኔቪዮ አየውና «አንተ ተወው፣ ሞሬና ትረግጣለች» አለው። ሞሬና መሪው ላይ ተቀመጠች።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ! ልቀቂ! ርገጪ!»

የፈላው ዘይት ወጥቶ አዲሱ ሲገባ፣ ጎማዎቹ ሁሉ ሲያልቁ፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆነ። ሞሬና ግን አልወረደችም። ቀበቶዋን አሰረች።

«አሁን እኔ ልንዳ።»

«መች ተማርሽና?»

ዳሪንኮ የጫማውን ክር ፈቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። ኔቪዮ ክሩን አየ፣ ልጁን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከፋሲካ ወዲህ» አለች ሞሬና። «በግራጫዋ፣ አንተ ሥራ በምትገባባቸው ቀኖች። ያንተ ፍሬን እስኪበርድ ብጠብቅ አረጅ ነበር። ብነግርህ ደግሞ ታኮርፋለህ።»

«እኔ አላኮርፍም» አለ ኔቪዮ፤ ብሎም ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

እኔም አላወቅሁም ነበር። አክስቷ ነኝ፣ በየቅዳሜው ቋሊማ አበላታለሁ፣ ለእኔም አልነገረችኝም። በዚያች ሰዓት ከወንድሜ ጎን ቆሜ በዳሪንኮ በደንብ ቀናሁ።

«ትገባለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?» አለች አባቷን።

ለጥቂት ጊዜ የሚገባ አልመሰለኝም። ከዚያ ሄልሜቱን አጠለቀና ተሳፋሪው ወንበር ላይ ገባ። በዚያ በኩል መሪ የለም፣ ፔዳል የለም፤ ሞሬና ስፖኪዮውንም ወደ ራሷ አዙራዋለች። ስለዚህ ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግሮብኒክ ላይ ወደ ፊት ብቻ እያየ ዞረ።

እኔ ከአጥሩ አየሁ። የኋላ መብራቷ ብልጭ ይልና ይጠፋል። አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ ጠንከር ያለ። ከዚያ ምንም። የዳሪንኮ እግር ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው እንኳ አውቀዋለሁ። ወንድሜ ከአጠገቧ ተቀምጦ ያቺን እግር ሲያይ ምን እንደተሰማው አስቤ ሆዴ ባባ። ልጁ የሱ መኪና ውስጥ፣ በሱ ዘይትና በሱ ሸራ፣ ሌላ ሰው መስላ ትነዳለች።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኩርባው ሲመጣ አትዞርም። ሌላው ሰው ሁሉ መዞር የሚጀምርበት ቦታ ታልፋለች፤ አሁንስ አለቀላት ስትሉ፣ መሪውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ ታዞረዋለች፤ መኪናዋም ቦታዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ማረሚያ የለ፣ ማንገራገጭ የለ። እንደዚያ የሚታጠፍ ሰው በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮንቴነር እንደ እንቁላል የሚያስቀምጠው።

ብዙ ዙር ዞረች። በመጨረሻው ፍሬን ሳትነካ በዝግታ መጣች፣ አቆመች፣ ማርሽ አስገባች፤ ዳሪንኮ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለላት። አላጨሰም። ኔቪዮ ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ አፍንጫውን ወደ ጎማው አስጠጋ። ሽታ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ዳሪንኮ ሄደ። ይመታዋል ብዬ የቋሊማ መቆንጠጫዬን እንደያዝኩ ተጠጋሁ።

«እግሯ ያንተ ነው» አለው።

«አዎ» አለ ዳሪንኮ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ አልተኩራራምም።

ወንድሜ ያን ብቻ ተናግሮ ሊተወው ነበር፤ ግን አልቻለም። «የመሪ አጠማዘዟስ?»

«እሱ ያንተ ነው» አለ ዳሪንኮ። «ላስጥላት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቀደም ብለሽ ዙሪ አልኳት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አልወጣላትም። አንተን አይታ ነው ያደገችው፣ ምን ላድርግ?»

ኔቪዮ ሄልሜቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሞሬና ከመኪናው ወርዳ ጸጉሯን እያሰረች ወደ እኛ ትመጣለች።

«ድገመው» አለው።

«ምኑን?»

«አሁን ያልከውን። ጮክ ብለህ ድገመው፤ ሎሬዳና አልሰማችም።»

በደንብ ሰምቼ ነበር። ግን መቆንጠጫውን አስቀመጥኩና ጆሮዬን ወደ ዳሪንኮ አዘነበልኩ።